ሲናሞን ሮል በአዲስ አበባ ኩሽና፦ ከቀረፋው እንጨት እስከ ኦቨኑ

ሲናሞን ሮልን፣ ማለትም የተጠቀለለውን የቀረፋ ዳቦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ የሞከርኩ ቀን ቀረፋውን ሊጡ ውስጥ ጨመርኩት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ። ቀረፋ እወዳለሁ፤ ጣዕሙ በየጉርሻው እንዲመጣ ነበር የፈለግሁት። ሊጡን በፎጣ ሸፍኜ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት። ሊጡ እንዳስቀመጥኩት ነው። እርሾው ተበላሽቷል ብዬ የቀረውን ጣልኩና አዲስ ገዛሁ። በሳምንቱም ያው ሆነ።

ጥፋቱ የእርሾው አልነበረም። ቀረፋን ቀረፋ የሚያሰኘው ሽታና ለስለስ ያለ ማቃጠል የሚመጣው ሲናማልዲሃይድ ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ሻጋታን ይከላከላል። እርሾ ደግሞ ከሻጋታ ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የፈንገስ ወገን ናቸው። ቀረፋው ሲበዛ እርሾው ይደክማል፤ ሊጡም ኩፍ አይልም። ቁንጥር ብታደርጉ ብዙ አይጎዳም። በሾርባ ማንኪያ ከሆነ ግን አለቀ።

ስለዚህ የዚህ መመሪያ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፦ ቀረፋ የሚገባው ከሊጡ ጋር ተቦክቶ ሳይሆን በተዳመጠው ሊጥ ላይ ተነስንሶ ነው። ሲናሞን ሮል የሚጠቀለለውም ለመልኩ ብቻ አይደለም። እርሾው ሥራውን በሰላም ይሠራል፤ ቀረፋው ደግሞ መሃል ላይ በቅቤና በስኳር ታጅቦ ይቆያል።

እንጨቱን መምረጥ

ቀረፋ የዛፍ ቅርፊት ነው። ስሪላንካ ውስጥ ለጋ ቅርንጫፎች ይቆረጡና የላይኛው ሻካራ ልጥ ይፋቃል። ከሥሩ ያለው ስስ ቅርፊት በእጅ ይላጣል። ያ ቅርፊት ሲደርቅ ራሱ ይጠቀለላል። እኛ እንጨት የምንለው ያንን ነው።

በዓለም ገበያ ላይ የሚገኘው በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሲሎን ቀረፋ ሲሆን በብዛት የሚመጣው ከስሪላንካ ነው። ሌላው ካሲያ ይባላል። እሱ ከቻይና፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም ይመጣል። እንጨቱ ካልተፈጨ ሁለቱን ለመለየት ሙያ አያስፈልግም። ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት። አንድ ወፍራም ቅርፊት ከሁለት ጎን ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ መልኩ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ከሆነና በእጅ አልሰበር ካለ ካሲያ ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ ብዙ ንብርብሮች ከታዩና በጣት ስትጫኑት ፍርክስክስ ካለ የሲሎን ነው። የሲሎኑ መልኩ ፈካ ያለ ነው፤ ሽታውም ለስላሳና ወደ ቅርንፉድ የሚያደላ ነው። እኔ ከመርካቶም ከሰፈር ሱቅም ስገዛ የሚገጥመኝ በአብዛኛው ወፍራሙ ነው።

ለዳቦ የትኛው ይሻላል? ለእኔ ካሲያ። ኃይለኛ ነው፤ በኦቨን ሙቀት ጣዕሙ ቶሎ አይጠፋም፤ ከቅቤና ከስኳር ጋር ሲገናኝም አይዋጥም። የሲሎኑን ለሻይ፣ ለአጃ ገንፎና ለክሬም አቆየዋለሁ።

አንድ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ካሲያ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በብዛትና በየቀኑ ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም የሚል ወሰን አስቀምጧል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ካሲያ ብቻውን እዚያ ሊደርስ ይችላል። የሲሎን ቀረፋ ውስጥ ግን ኩማሪን የለም በሚባል ደረጃ ትንሽ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ዴንማርክ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪዎች በዚሁ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተነታርከዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የቀረፋ ዳቧቸውን ሊያሳጣቸው ነው ብለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሲናሞን ሮል ለሚበላ ሰው ይህ አያሳስብም። በየጠዋቱ ለልጅ ገንፎ ላይ ቀረፋ የምትነሰንሱ ከሆነ ግን የሲሎኑን ፈልጉ።

መፍጨት

ተፈጭቶ የታሸገ ቀረፋ መቼ እንደተፈጨ አታውቁም። ሽታው ከዱቄቱ ላይ በየቀኑ ይተንናል። እንጨቱ ግን በደንብ ከተያዘ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። እኔ የምፈጨው ለአንድና ለሁለት ወር የሚበቃኝን ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉት። አትጠቡት። ሙቀጫ ውስጥ ጨምራችሁ በዘነዘና ሰባብሩት። ስብርባሪውን በጣም ዝግ ባለ እሳት ላይ፣ ደረቅ መጥበሻ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አሙቁት። መቁላት አይደለም፤ እርጥበቱ እንዲለቅና ለመፍጨት እንዲመች ነው። ቤቱ በሽታ ከታወደ አሳልፋችኋል፤ የምትፈልጉት ሽታ ወጥቶ ሄዷል። ከመጥበሻው ላይ አውጡና አቀዝቅዙት።

ከዚያ በኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ እያረፋችሁ ፍጩት። ሳታቋርጡ ካስኬዳችሁት መፍጫው ይግልና ቀረፋውን ያሞቀዋል። ስትጨርሱ ክዳኑን ወዲያው አትክፈቱ። ብናኙ ዓይንና አፍንጫ ላይ ይወጣል። ሁለት ደቂቃ ታግሳችሁ ክፈቱ። በጥሩ ወንፊት ንፉት፤ ላይ የቀረውን ሻካራውን አትጣሉት፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ቡና መፍጫውን ደግሞ አንድ እፍኝ ደረቅ ሩዝ ፍጩበትና ጥረጉት። አለዚያ የሚቀጥለው ቡናችሁ ቀረፋ ቀረፋ ይላል።

ዱቄቱን ጠባብ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ጢም አድርጋችሁ ክደኑት። ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ለእጅ ቢመችም ለቅመም ጥሩ ቦታ አይደለም። ሙቀቱና እንፋሎቱ ይጎዱታል።

የአዲስ አበባ ከፍታ

ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት የሲናሞን ሮል አሠራር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል አካባቢ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ እንኳን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ይህ ሊጡ ላይ ሦስት ነገር ያመጣል። የሚጫነው አየር ስለቀነሰ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፤ ካላቆማችሁት ከልክ አልፎ ኦቨን ውስጥ ይሟሽሻል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ዱቄቱ ውሃ ይጠማዋል። እርጥበቱም ሲጋገር ቶሎ ስለሚተን ዳቦው በማግስቱ ይደርቃል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እርሾ ቀንሱ፣ ፈሳሽ ትንሽ ጨምሩ፣ ኦቨኑን ወደ 10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ።

ከአገር ውጭ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን ማስተካከያ አትፈልጉም። እርሾውን 7 ግራም፣ ኦቨኑን 180 ዲግሪ አድርጉት። ድሬዳዋ ያላችሁ ወደ 1,200 ሜትር፣ ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁና መሃል መሃሉን ያዙ።

የሚያስፈልገው (ለ12 ፍሬ)

ለሊጡ፦
- 500 ግራም ፉርኖ ዱቄት
- 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ በተጨማሪ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ
- 1 እንቁላል
- 60 ግራም ስኳር
- 70 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ለስላሳ
- 5 ግራም ደረቅ እርሾ (1 ተኩል የሻይ ማንኪያ)
- 1 የሻይ ማንኪያ ጨው
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል

ለመሃሉ፦
- 90 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ለስላሳ
- 120 ግራም ስኳር
- 1 የሾርባ ማንኪያ ማር
- 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ
- 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት
- ቁንጥር ጨው

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ልበል። ንጥር ቅቤ አትጠቀሙ። ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ የገባበት ቅቤ ለወጥ የተባረከ ነው፤ እዚህ ግን ከቀረፋው ጋር ይጣላል። ሄሉን ግን አትተዉት። ስዊድኖች ሄልን ሊጡ ውስጥ፣ ቀረፋን መሃሉ ላይ ያደርጋሉ። ቀረፋ ዳቦን አክብረው ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ኦክቶበር 4 ቀን ያስቡታል፤ በእኛ መስከረም 24 ገደማ ማለት ነው። ሄሉ ቀረፋውን ያደምቀዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ማሩ የገባው ለቡናማ ስኳር ምትክ ነው። ነጩ ስኳር ብቻውን ጣፋጭ እንጂ ጣዕም የለውም። ከአንድ ማንኪያ አትለፉ፤ ማር ሲሞቅ ይፈሳል።

አሠራሩ

ወተቱን ለብ አድርጉት። ጠብታ የእጅ አንጓ ውስጥ አድርጋችሁ ስትሞክሩት እንደ ሕፃን ወተት መሆን አለበት። ካቃጠላችሁ እርሾውንም ያቃጥለዋል። እርሾውንና አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት። አረፋ ካልሠራ እዚህ ጋ አቁሙ። ዱቄት ከመባከኑ በፊት እርሾውን መፈተኛው ይህ ነው።

ዱቄቱን፣ የቀረውን ስኳር፣ ጨውንና ሄሉን ቀላቅሉ። እንቁላሉንና ወተቱን ጨምራችሁ አቡኩት። ሊጡ ደረቅ ካላችሁ ተጨማሪውን ወተት በማንኪያ በማንኪያ አስገቡ። ከዚያ ቅቤውን ጨምራችሁ ለ10 እስከ 12 ደቂቃ እሹት። መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል። ዱቄት አትጨምሩ። እባካችሁ አትጨምሩ። ደረቅ ሲናሞን ሮል አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስታሹት ቀስ በቀስ ራሱን ይሰበስብና ከሳህኑ ይላቀቃል። ትንሽ ቆንጥራችሁ በጣቶቻችሁ መሃል ስትወጥሩት ሳይበጠስ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ከሠራ በቅቷል።

ዘይት በተቀባ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ሰዓት አትዩ፤ ሊጡን እዩ። በበጋ ከሰዓት በኋላ በ45 ደቂቃ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ ዝናብ ቤቱ ሲቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ተኩልም ሊወስድ ይችላል። እጥፍ ሲሆን በቡጢ አየሩን አስወጡና እንደገና ግማሽ ያህል እንዲነሳ ተዉት። ይህን ሁለተኛ ዙር የምጨምረው ለከፍታው ብዬ ነው። ሊጡ ስለሚቸኩል ጣዕም ለማብሰል ጊዜ አያገኝም፤ ሁለተኛው ዙር ያንን ይክሰዋል።

እስከዚያ የመሃሉን አዘጋጁ። ቀረፋውን፣ ስኳሩን፣ ዱቄቱንና ጨውን ደርቀው ሳሉ ቀላቅሉ። ቀረፋ በውሃም ሆነ በቅቤ ውስጥ አይሟሟም፤ ብቻውን ከነሰነሳችሁት ይጓጉላል። ስኳሩ ይበትነዋል። ዱቄቷ ደግሞ የሚቀልጠውን ቅቤ ትይዛለች። ቅቤውንና ማሩን ለብቻ ምቱ።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዘይት ቀቡና ሊጡን በመዳመጫ 45 በ30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ዳምጡ። ቅቤውን በማንኪያ ጀርባ ቀቡት። በአንዱ ረጅም ጎን ሁለት ጣት ያህል ሳትቀቡ ተዉ፤ መዝጊያው እሱ ነው። የቀረፋውን ድብልቅ ነስንሱና በመዳመጫው አንዴ ቀለል አድርጋችሁ ተጫኑት። ከዚያ ከሌላኛው ረጅም ጎን ጀምራችሁ ጠቅልሉ። ላላ ካለ መሃሉ ባዶ ይሆናል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ሲጋገር መሃሉ ወደ ላይ ይፈናጠራል። እንደ ጋቢ ጥቅል፣ ልቅም ያለ ግን ያልታፈነ ይሁን።

ለመቁረጥ ቢላ አልወድም። ጥቅሉን ይጨፈልቀዋል። አንድ ክንድ የሚሆን ጠንካራ የስፌት ክር ውሰዱ፤ ቀለም የሌለው ይሁን። ክሩን ከጥቅሉ ሥር አሳልፉና ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ አምጡ። አናቱ ላይ አጣምሯቸውና ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ሳቡ። ክሩ ከዙሪያው ሁሉ እኩል ይገባና መሃል ላይ ይገናኛል። ቁራጩ ክብነቱን ሳያጣ ይወድቃል። ቀረፋው መስመር በመስመር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይታያል። አሥራ ሁለት እስኪሆኑ ቀጥሉ።

ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታችሁ ደርድሯቸው። ከተገኘ የኮባ ቅጠል ታጥቦ ከሥር ቢነጠፍ እንደ ድፎ ዳቦ ያማረ ሽታ ይሰጣል፤ የሚፈሰው ስኳርም ትሪው ላይ አይጣበቅም። ለ30 ደቂቃ ያህል እንዲያርፉ ተዉ። በጣት ስትነኩት ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ግማሹን ከተመለሰ ወደ ኦቨን ይግባ። ወዲያው ብድግ ካለ ገና ነው። ጭራሽ ካልተመለሰ አልፏል፤ ቶሎ አስገቡት።

በ190 ዲግሪ ቀድሞ በጋለ ኦቨን ከ20 እስከ 24 ደቂቃ። የጋዝ ኦቨን ሥሩ ስለሚያይል ሌላ ትሪ ከሥር ደርቡበት። አናቱ ቶሎ ከቀላ ፎይል ጣል አድርጉበት። መሃል ያለውን አንዱን በቢላ ጫፍ ከፈት አድርጋችሁ እዩ፤ ሊጥ ሊጥ ካላለ ደርሷል።

ለላዩ፣ 120 ግራም በመፍጫ የላመ ስኳር በሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት በጥብጡ። እኔ ወተቱን ቀድሜ በአንድ የቀረፋ እንጨት አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ። ሮሉ ለብ ሲል አፍስሱበት። ትኩስ እያለ ካፈሰሳችሁት ሁሉም ወደ ትሪው ይወርዳል።

በጾም

ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ይወጣሉ። በምትኩ 290 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ወይም የአኩሪ አተር ወተትና 60 ሚሊ ሊትር ዘይት አድርጉ። ሊጡ በእርግጥ ያምራል። ችግሩ መሃሉ ላይ ነው፤ ዘይት እንደ ቅቤ ስለማይረጋ ይፈሳል። 50 ሚሊ ሊትር ዘይት ከስኳሩ፣ ከቀረፋውና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ጋር ልጥፍ እንዲል አድርጋችሁ ለውሱትና እሱን ቀቡ። ማርም የማትበሉ ከሆነ ዝለሉት። ማርጋሪን ብትጠቀሙ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት አለበት።

መብራት ቢሄድ

ሊጡ ገና እየተነሳ ከሆነ ወደ ፍሪጅ አስገቡት። ፍሪጁ ባይሠራም ቅዝቃዜው ለጥቂት ሰዓት ያዘገየዋል። ኦቨን ውስጥ ገብቶ ከሄደ በሩን አትክፈቱ፤ ያለው ሙቀት ብዙ ርቀት ይወስደዋል። እንዲያውም ለበዓል ሆን ብዬ ማታ ጠቅልዬና ቆርጬ፣ ትሪውን በፌስታል ሸፍኜ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል ውጭ አስቀምጬ እጋግረዋለሁ። ጣዕሙ ከተሠራበት ቀን ይበልጣል።

ቀረፋን ከሊጡ ጋር አታቡኩ ያልኩት ለእርሾ ሊጥ ነው፤ ኬክና ብስኩትን የሚነፋቸው ቤኪንግ ፓውደር ስለሆነ እዚያ ቀረፋው ከዱቄቱ ጋር ቢቀላቀል ምንም አይጎዳም። ለአንድ ኬክ ሁለት የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ግን ቤኪንግ ፓውደሩን አሠራሩ ላይ ከተጻፈው በሩብ ቀንሱት።

የተረፈ ሮል በማግስቱ ይደርቃል። ምጣድ ላይ በዝግታ፣ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ፣ አክንባሎ ደፍታችሁ አምስት ደቂቃ አሙቁት። ያን ጊዜ ያስቀመጣችሁትን የወንፊት ላይ ሻካራ ቀረፋም ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር ሻይ ጀበናው ውስጥ ጣሉት።